በእኔ ዓይን የተቆለፈ ማዳበሪያ

ሰኞ

«ዓይን አልተገኘም» ይላል ስልኩ። ሰባት ጊዜ! አያ ታረቀኝ ፊቴ ቁጭ ብለው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን አፍጥጠው። በልጅነታቸው የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ የሚሉት፣ ይዟቸው ብሌናቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ቢሆንም ያያሉ፤ ከቤታቸው እስከ ማዳበሪያው መጋዘን ብቻቸውን ነው የመጡት።

ዘንድሮ ማዳበሪያ የሚወስድ ገበሬ ሁሉ በስልክ ካሜራ ዓይኑ ይመዘገባል። ሲረከብም ያንኑ ዓይን ያሳያል። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ላለው አለቃዬ ደወልሁ። «ካሜራውን ጥረጊ፣ ወደ ብርሃን አውጫቸው» አለኝ። አወጣኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ እንጂ ስልኩ ያው ነው።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ያጣው ዓይኔን ነው ወይስ እኔን?» አሉኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ እንደሳቸው ያሉ አራት ሰዎች። ሁሉም ሽማግሌ፣ ሁሉም ማዝ የጎዳቸው። ይህን የሠራው ሰው የቡሬን ገበሬ ዓይን አይቶ ያውቃል? አቧራውን፣ የምድጃውን ጭስ፣ ፀሐዩን ያውቃል?

አለቃዬ ደወለ። «ቁጥሩ ዛሬ ይሙላ። ስልኩ እንቢ ላላቸው የራስሽን ዓይን አስገቢ፤ በኋላ ይስተካከላል።» ለአምስቱም አስገባሁ። ወዲያው «ተሳክቷል» አለ። ደስ አለኝ እኮ! እኔ ጅል።

ረቡዕ

እጅጉን አፈርሁ። አያ ታረቀኝ አህያቸውን እየነዱ መጡ። ስልኩ የሚያውቀው ግን የእኔን ዓይን ነው። የመጋዘኑ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ያሉትን ስሞች ብታበዢያቸው፣ አንቺ ካሜራውን እያየሽ እኔ ማዳበሪያውን እያወጣሁ ሁለታችንም እንጠቀማለን» አለኝ። ደሜ ፈላ። ያን በር የከፈትሁት ግን ራሴ ነኝ።

ለአያ እውነቱን ነገርኋቸው። «ለዛሬ በእኔ ዓይን ላውጣልዎ» ብዬም ለመንሁ።

«እኔ በቁሜ ሳለሁ በስሜ የምታይ አንቺ ማን ነሽ?» አሉ። አህያዋን ባዶዋን መለሷት። ዝናቡ ገብቷል፤ በቆሎ ደግሞ ቀን አይጠብቅም።

ሐሙስ

ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። አለቃዬ ዓይኔን እያየ «መቼ አዘዝሁሽ?» አለ። በስልክ ነበርና ማስረጃ የለኝም። እዚያው ቁጭ ብዬ ለበላዮቹ ማመልከቻ ጻፍሁ፦ አምስት ስም፣ ያጠፋሁትን ጥፋት፣ ማን እንዳዘዘኝ፣ የመጋዘኑ ሰው ያለኝን። ሰዎቹ በሦስት ጎረቤት ምስክርነት በወረቀት ይውሰዱ አልሁ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አንብባ «እህቴ፣ ይኸ እኮ ያስባርርሻል» አለችኝ።

«አስገቢው።»

ቅዳሜ

ትናንት ምንም አልጻፍሁም። ስልክ ስጠብቅ ዋልሁ።

ዛሬ ጠዋት ከወረዳ ተደወለ፤ አምስቱ በምስክር ይውሰዱ ተባለ። ለዘንድሮ ብቻ። አያ ታረቀኝ ቤት ሮጥሁ። ሦስት ጎረቤት አስከትለው መጡ። አንደኛው ሽማግሌ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው «ይኸ ታረቀኝ ነው። አብረን ነው ያረጀነው» አሉ። በቃ! ይኸው ነበር የጎደለው።

አያ ጭነው ሲወጡ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ጥቂት ሄደው ዞሩና «የቀሩትስ?» አሉኝ።

ሁለቱን ዛሬውኑ አገኘኋቸው። ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው። እኔ ሰኞ ስልኩን አስረክቢ ተብያለሁ፤ የተነሣሁት ከሥራም ይሁን ከምዝገባው ብቻ አልነገሩኝም። ንዴቴም አልበረደም። ነገ ከቅዳሴ መልስ እሻገራለሁ፣ ወንዙ ካልሞላ።