ማህተም ያልተመታበት ጥማት

ለተከበሩ የዶክትሬት መርሐ ግብር አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቢሮዎ ባልደረቦች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ጤንነትዎ ሥጋት የለብኝም። ባለቤቴ ሃፊዛ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከአየር ጤና ሁለት ታክሲ ይዛ ቢሮዎ ድረስ ስትመጣ፣ ጸሐፊዎ አንድም ቀን ሳያዛንፉ «ደህና ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሏታልና። ፈጣሪ ስብሰባውን ያሳጥርልዎ።

እኔ ኮልፌ ውስጥ ጥራጥሬ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ስለ ዕፅዋት ፊዚዮሎጂ የማውቀው ከባለቤቴ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ነገር ግን የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ ቀን አላሳስትም። ሃፊዛ በተቋምዎ አራት ዓመት ከመንፈቅ የደከመችበት ጥናት፣ ሽምብራ አበባ ባወጣበት ሰሞን ውሃ ሲጠማው ቅጠሉና ሥሩ ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛው ዘር እንደሚችልና የትኛው እንደሚሸነፍ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ሽምብራው መጠማት ነበረበት። አቤቱታዬ በሙሉ በዚህች በአንዲት ነገር ላይ የቆመ ስለሆነ፣ እባክዎ እርሷን ብቻ ይያዙልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ግቢዎ ጽዳት አመሰግናለሁ። ሃፊዛ ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ሙከራ ዘጠና ስድስት ባዶ የቀለም ባልዲ በተቋሙ የዕፅዋት ማሳደጊያ ቤት፣ በግሪን ሃውሱ ውስጥ፣ ደርድራ ነበር። ባልዲዎቹን ዓለም ባንክ ሰፈር ከሚሠሩ ቤቶች እየለመንን የሰበሰብነው፣ ያጠብነውና ከታች የበሳነው እኔና እርሷ ነን። በበሩም ላይ በትልልቅ ፊደል «እባካችሁ ውሃ አታጠጡ፤ ጥናት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ኅዳር 16 ቀን፣ በማግሥቱ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ማህተም የሌለው ማስታወቂያ ሁሉ ከግቢው እንዲነሳ ታዘዘ፤ ወረቀቱም ተነሳ። ትእዛዙ ራሱ ማህተም እንደነበረው አረጋግጫለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ርኅራኄ። በዚያው ዕለት የግቢ ውበት ክፍል ባልደረባ የሆኑት ወይዘሮ ዘመነች ወደ ግሪን ሃውሱ ሲገቡ፣ አሥራ ስምንት ቀን ውሃ ያልቀመሰ ሽምብራ አንገቱን ደፍቶ አዩ፤ አንጀታቸው አልቻለም። ቅጠሉ ሊለካ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎማ ስበው ዘጠና ስድስቱንም ባልዲ እስኪበቃው አጠጡት። እርሳቸውን አልወቅስም። ሃፊዛ ስትደርስ «ልጄ፣ ባለቤቱን ባገኘው እረግመው ነበር! ነፍስ ያለው ነገር እንዴት እንዲህ ይጠማል?» እንዳሏት፣ እርሷም «እኔ ነኝ እማማ» ብላ እርጥቡ መሬት ላይ እንደተቀመጠች በማስታወሻዬ ሰፍሯል። በአራት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በዚያ ግቢ ለተጠማ ነገር ሲያዝኑ የሰማሁት እርሳቸውን ብቻ ነው።

ተቋሙም ለውበት ክፍሉ የምስጋና ወረቀት መስጠቱን ስሰማ ደስ ብሎኛል። በኮሪደራችሁ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ከእንግዶቹ ጀርባ የሚታየው ለምለም ሽምብራ የባለቤቴ ጥናት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታዎ። ሃፊዛ እንደገና እንድትዘራ ግሪን ሃውሱ ለአራት ወር እንዲፈቀድላት ኅዳር 24 ቀን አመለከተች። የመጨረሻ የምዝገባ ዘመኗ የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። በታኅሣሥ «ይሁን» ቢሏት ሽምብራው ተዘርቶ፣ አብቦ፣ ተጠምቶ፣ ተለክቶ ጽሑፏንም ታደርስ ነበር። በየካቲት ቢሏት በጭንቅ ትደርስ ነበር። ዛሬ ግንቦት 11 ነው። ማመልከቻዋን ሰባት ጊዜ አስገብታለች፤ ሰባቱንም ጊዜ «ማህተም ስለሌለው መዝገብ ላይ አልወጣም» ተብላለች። ተማሪ ማህተም ከየት ታመጣለች ብላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ፈገግታ ነው። ስለ ፈገግታውም አመሰግናለሁ።

እርሷ እንደምትነግረኝ፣ ሽምብራ ውሃ ሲያጣ ራሱን ለማትረፍ በቅድሚያ አበባውን ይጥላል። ባለፈው ሚያዝያ ደብተሮቿን በጆንያ አስራ ሱቄ ውስጥ ከባቄላው ኋላ አስቀመጠቻቸው። ማክሰኞ ሲደርስ ግን አሁንም ተነስታ ታክሲ ትይዛለች።

ስለዚህ ግሪን ሃውሱን አልለምንዎትም፤ ጊዜው አልፏል። የምለምንዎት አንድ ቃል ነው። በእኛ ገበያ «አይሆንም» ክቡር ቃል ነው፤ የሰማው ሰው ጆንያውን አንስቶ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። ቃሉን የሚነፍግ ነጋዴ ግን ሰውን ደጁ ላይ አቁሞ ያስመሸዋል። በቀጭን ወረቀት ላይ «አይሆንም» ብለው ቢጽፉላት፣ ሃፊዛ ማክሰኞ ማክሰኞ እቤቷ ትውል ነበር።

ለሰጡን ትምህርት ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ስብሰባዎ የተቃና እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

ኢብራር፣ የሃፊዛ ባል
ኮልፌ ቀራንዮ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ካለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት ለመዝገብ ቤትዎ ባቀርብ «ማህተም የለውም» ተብዬ ተመለስኩ። ሱቄ ሄጄ «ኢብራር የጥራጥሬ መደብር» የሚለውን ማህተም መትቼበት ብመለስ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ወዲያው ቁጥር ሰጥተው ተቀበሉኝ። ይህን በኅዳር ባውቅ ኖሮ በማስታወቂያዋም በማመልከቻዋም ላይ እመታላት ነበር፤ ያ ማህተም ያኔም ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበርና ራሴን ይቅር አልልም። ደብዳቤው ስለ ውሃ ማጠጣት ስለሚናገር ለግቢ ውበት ክፍል መመራቱን ነግረውኛል። ይሁን፤ ወይዘሮ ዘመነች ካነበቡት ቢያንስ አንድ ሰው ያዝናል።