ሁለት ቦታ የተጻፈው ስሟ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎት እንዴት ነው? ወገብዎትን ተሻለዎት ወይ? እናቴስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? በርበሬው ደርቆ ገባ ወይስ እርጥበት ያዘው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ግራ እንደገባው ሰነበተ። ስልኩ እናንተ ዘንድ አልይዝ ቢለኝ በደብዳቤ ላጫውትዎት ብዬ ነው። እህቴ ያምሮት ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የቢሯችን ሰነድ ሁሉ አሁን አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው፤ ሁላችንም ከየጠረጴዛችን ሆነን እንከፍተዋለን። ቀድሞ ማንም ያሻውን ይከፍት ነበርና፣ አንድ ቀን የአንድ ክፍል ሰነድ ማን እንደነካው ሳይታወቅ ጠፋ። ያን ጊዜ ኃላፊያችን አቶ ደረሰ ጠሩኝና «ሠርክአዲስ፣ ሰዉን በየቡድኑ ክፈይው፤ ለየቡድኑም የሚገባውን ብቻ ፍቀጂለት» አሉኝ። ለዕቅድ ክፍል፣ ለሒሳብ ክፍል፣ ለጊዜያዊ ሠራተኞችም ቡድን አበጀሁ። ጊዜያዊዎቹ የዕቅድን ሰነድ እንዳይከፍቱ ከለከልሁ፤ የታዘዝሁት እንዲያ ነበር።

አብራኝ ቤት የተከራየችው የማንኩሳዋ እህተ ማርያም ጊዜያዊ ሆና ቆይታ ኅዳር ላይ ቋሚ ሆነች፤ ዕቅድ ክፍልም ተመደበች። የዚያኑ ዕለት ስሟን ዕቅድ ቡድን ውስጥ አስገባሁ። ደስ ብሎን በባጃጅ ከተማውን ዞርን።

ባለፈው ሳምንት ከዞን እንግዶች መጡና ሪፖርቱን እንድታቀርብ እሷ ተመረጠች። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ሰነዱን ልትከፍት ብትል ኮምፒውተሩ «አልተፈቀደልዎትም» አላት። ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ አለ። አቶ ደረሰ በቃላቸው የሚያስታውሱትን ተናግረው ስብሰባው ተበተነ። በር ላይ ጠብቃ «ቋሚ መሆኔ አንቺንም ከፋሽ?» አለችኝ። ወዲያው ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥሁ።

ገብቼ ባይ ስሟ ዕቅድ ቡድን ውስጥ አለ፤ ፈቃዱም አለ። አጥፍቼ እንደገና ጻፍሁት፤ ያው ነው። እኔ ፈቅጄ ሳለ የሚከለክላት ማን ነው? ማሽኑ ይሁን የተሳሳተው እኔ ልሁን ጠፋኝ። ቤት ስገባ ሽሮዋን ለብቻዋ ሠርታ በልታለች። ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት፣ በሁለት ድስት!

በኋላ የዕቅድን ቡድን ትቼ ስሟን በሁሉም ቡድኖች ውስጥ ፈለግሁ። ለካ ስሟ ሁለት ቦታ ኖሯል! ዕቅድ ውስጥ ሳስገባት ከጊዜያዊዎቹ አላወጣኋትም። አንዱ ቡድን ቢፈቅድላት ሌላው ከከለከላት፣ ማሽኑ የሚሰማው ክልከላውን ነው።

ብቻዬን አላስተካከልሁትም። ጠራኋትና ማውሱን እጇ ላይ አድርጌ «አንቺው አውጪው» አልኋት። የጊዜያዊዎቹን ስሞች እያየች ወረደችና ቀጥ አለች። ከእሷ ጋር በአንድ ቀን ቋሚ የሆኑት ክንዱና አዛናውም እዚያው አሉ። እስከ ዛሬ ሊከፍቱ ስላልሞከሩ ነው እንጂ እነሱም ተከልክለዋል።

«እነሱንም?» አለች።

«እነሱንም ረስቻለሁ» አልኋት።

መጀመሪያ የእነሱን አወጣች፤ የራሷን መጨረሻ። ሰነዱ ተከፈተ። ጥቂት ካየችው በኋላ ተነሥታ ሄደች። እኔም ለአቶ ደረሰ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው፤ ለእንግዶቹ ጽፈው እንደሚያስረዱልኝ ነገሩኝ።

አባቴ፣ አሁን ግራ የገባኝ ይህ ነው። በሰው ፊት ያሳፈርኋት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅ? ወይስ አብራኝ እየኖረች እንዲያ ስለጠረጠረችኝ እኔ ልቀየም? ሁለቱም ልቤ ውስጥ አለ። ለጥምቀት ስመጣ ይዣት ልምጣ ብዬ ነበር፤ እስቲ ይምከሩኝ።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ያምሮትን ጉንጯን፤ ወንድሜን ወንዳወቅን ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ይቆጡልኝ። አክስቴን አቻምየለሽንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ይህን ስጽፍ እህተ ማርያም በበሩ ብቅ ብላ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለአባቴ ነው ስላት «ከእኔም ሰላም በያቸው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከልቧ ይሁን ለወጉ አላወቅሁም፤ ብቻ አድርሻለሁ። አሁን ደግሞ በአንዱ ድስት ለሁለት ሰው የሚሆን ሽሮ ጥዳለች።

ልጅዎ ሠርክአዲስ
ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.