የንግሥቲቱ አልጋ

ሁለተኛው የጎርፍ ወር፣ ቀን 12
የአልጋውን እንጨት ለስኜ ጨረስኩ። አራቱም እግሮቹ የአንበሳ እግር ናቸው። ልስኑ ሲደርቅ ወርቁን ማልበስ ነው። ንግሥቲቱ ካረፈች ሃምሳ ቀኗ፤ ከአልጋው ጋር መቃብር የምትገባው በሃያ ቀን ውስጥ ነው።
ቤት ስገባ ልጄ ሄኑት ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ ፂምህ ሁሉ ኖራ! ሽማግሌ መሰልክ።"
"ሽማግሌ ነኛ። አያት ልታደርጊኝ አይደል?"
ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባሏ ደቡብ ድንጋይ ሊያወጣ ስለሄደ እኔው ጋ ናት። እናቷ ብትኖር...

ቀን 19
ወርቁን ጀመርኩ። ከመሳሳቱ የተነሳ ሲተነፍሱበት በንኖ ይበራል።
"ይሄ ሁሉ ወርቅ ጨለማ ውስጥ? ማን ሊያየው?" አለች ሄኑት።
"ንግሥቲቱ ናታ።"
"እሷማ ተኝታበት!"

ቀን 24
ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ቱያ እየሮጠች የሥራ ቤታችን በር ላይ ደረሰች። "አባ ኬና! ምጥ ይዟታል። አባቴን ጥሩልኝ ትላለች!"
የመጨረሻውን እግር ሙጫ ቀብቼው ነበር። ከደረቀ ወርቁን አይዝም። "መጣሁ በያት። ይቺን እግር ብቻ..." አልኳት። የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ይቆያል ብዬ።
ጨረስኩ። ቆሜ አየሁት እንኳ።
ቤት ስደርስ ሴቶቹ የሄኑትን ፊት ሸፍነውታል።

ቀን 25
የተወለደችው ልጅ ተርፋለች። ቱያ ከልጇ ጋር እያጠባቻት ነው። ሄኑት ግን...

ቀን 26
በሰሌን ጠቅልለን ከእናቷ አጠገብ ቀበርናት።

ቀን 28
ቱያን ጠየቅኳት። "ምን አለች?"
"ይተዉት፣ አባ ኬና።"
"ንገሪኝ።"
"ኮቴ በሰማች ቁጥር 'መጣ?' ትል ነበር።"
ምን ነበር ሙጫው ቢደርቅ? ምን ነበር?

ሦስተኛው የጎርፍ ወር፣ ቀን 2
አልጋውን ተሸክመን መቃብሩ ውስጥ አወረድነው። አለቃችን ናኽት ትከሻዬን ያዘኝ። "እጅህ ይባረክ። የመጨረሻው እግር ከሁሉም በልጧል" አለኝ። በሩ ተደፈነ፣ ማኅተም ተመታበት።
ስመለስ ቱያ ቤት ገባሁ። ስምንት ቀን ሙሉ ልጅቷን ለማየት አቅም አጥቼ ነበር። "ስጪኝ" አልኳት።
"ስም ያውጡላት እንጂ። እስካሁን 'ልጅቷ' እያልናት ነው።"
ሄኑት ልል ነበር። አፌ እምቢ አለ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ቱያ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። እስክትተኛ ድረስ ይዣት ዞርኩ።
ናኽት፣ ነገ በጠዋት ደግሞ ወርቅ የሚለብስ ወንበር ይጠብቀናል ብሏል።
ይጠብቅ።