በስልሳ ዓመቴ የመኪና ኢንሹራንስ

ነገሌ፣ ዓርብ ጥር 20

ተመስገን፣ ኢንሹራንሱ ተገኘ! ወደራ ከተማ ታማ የተኛችውን እህቴን ነገ በራሴ መኪና አመጣታለሁ፤ ሰኞ እዚህ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት።

ባለፈው ሳምንት የኢንሹራንሱ ልጅ የጠራልኝ ዋጋ አስደንግጦኝ ነበር። በስልሳ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ላወጣች ሴት እንዲህ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዛሬ ግን ጎረቤቴ ሐጃ ፋጡማ ሱቋን ዘግታ እየጎተተች ወሰደችኝ። የሞላሁትን ቅጽ አየችና በሳቅ ፈረሰች። "መኪናው ለምን አገልግሎት ይውላል?" ለሚለው እኔ ሞኟ "ሰው ለማመላለስ" ብዬ፣ ወላዷን፣ ሙሽራውን፣ ለቀስተኛውን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ!

"አንቺ፣ ታስከፍያቸዋለሽ?" አለችኝ።

"ኧረ ነውር ነው! ጎረቤት ይከፈልበታል?"

ሐጃ ወደ ልጁ ዞረች። "ሰማህ? ታክሲ አደረግሃት እኮ! እዚህ አገር መኪና ያለው ሰው ጎረቤቱን መንገድ ላይ ጥሎ ያልፋል እንዴ?"

ልጁ አፍሮ ቅጹን ወደ ቤት መኪና ቀየረልኝ። ለአዲስ ሹፌር የሚጨመረው ባይቀርም ዋጋው የምችለው ሆነ። ለሐጃ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እኔማ ብቻዬን ብሆን መኪናዋን እሸጣት ነበር።

ፈርሜ ስወጣ ልጁ ተከተለኝ።

"እማማ፣ ነገ ወደራ ነዎት አሉ። እናቴን ካየኋት ቆየሁ፤ ቦታ ካለዎት..."

"አዲስ ሹፌር ነኝ እኮ፤ ራስህ ነህ የጻፍከው።"

"ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ ምን ችግር አለው?"

"እንግዲያው ከፊት ትቀመጣለህ" አልኩት። "መንገድ ላይ ግመል ስታይ ግን ቶሎ ጩህ።"