የእኔ ደም ግፊትና የትዕግስት ሞዴል ፈተና

ሰኞ፣ መጋቢት 8። ጧት።
ደብተሬ ሆይ፣ ተነሥተህ ስማ። አውራ ዶሮአችን ዛሬ የቴሌቪዥኑ ዲሽ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ጾም ነው፤ የሚነካው እንደሌለ ያውቃል። የቢቸና ዜና በዚህ አበቃ።

ሌላው ወሬ ትንሽ ነው። የሞዴል ፈተና ውጤት ተለጠፈ። የልጅ ልጄ ትዕግስት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ፣ ከግማሽ በታች ናት። ሞጣ እናቷን ስታስታምም ሰንብታ፣ ከሚኒባስ እንደወረደች ነው ፈተና የገባችው። ፈተናው ተጋምሶ ደረሰች። የፈተኑት ሚኒባሱን ነው ብላት አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9።
የቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ከግማሽ በላይ ላመጡት ብቻ ነው ተባለ። ሌላው ቤቱ ያንብብ። የሒሳብ ትምህርቱን ብቻዋን እንደማትወጣው ታውቃለች። ዋናውን ፈተናም ይቅርብኝ፣ ሞጣ ከእናቴ ጋር ሱቅ እቀመጣለሁ አለች። ይሁን፣ ስኳር በነጻ አገኛለሁ አልኳት። ፊቷን አዞረች። ቀልዴም አረጀ መሰል።

ዓርብ፣ መጋቢት 12። ከሰዓት።
ት/ቤት ሄድኩ። ር/መምህሩ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። መምህር ጥቂት፣ ክፍል አንድ፤ የማለፍ ተስፋ ያላቸውን እናድን አለ። እውነቱን ነው። ግን ሞዴሉ የደከመውን ለይቶ ለመርዳት ነው ብሎ በወላጅ ስብሰባ የነገረን ራሱ ነው። ለዩት፤ ለይተው ተዉት።

የደም ግፊቴን ነገር አወራሁት። የጤና ጣቢያውን ዳገት ወጥቼ፣ ሳላርፍ ሲስተር ለካችኝ። ከፍ አለ። መድኃኒት አልጻፈችም፤ ዐረፍ ብለው ሌላ ቀን ይምጡ አለች። ሦስት ቀን ተለክቼ ነው የተፈረደልኝ። ደግሞ ግፊቱ ከፍ ያለበትን ያክማሉ እንጂ ከደጅ አይመልሱም፣ አልኩት።

«አባቴ፣ ዳኛ ነበሩ እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ተከሳሽ ነበርኩ።»

ሳቀ። ቆይቶ፣ አርፍደው የገቡት ሰኞ ድጋሚ ይፈተኑ አለ። ከግማሽ በታች ላመጡት ለሌሎቹም የከሰዓት መምህር እፈልጋለሁ አለ። ቃል ግን አልገባም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13።
ከር/መምህሩ ጋር ያወራነውን፣ የግፊቴንም ነገር ጭምር ነገርኳት። ደስ ይላታል ስል ተከዘች። ደግሜ ብወድቅስ? አለች፤ ያኔ የማመካኝበት ሚኒባስ የለኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣
«አባባ፣ እርስዎስ ሦስቴ ሲለኩ አልፈሩም?»

ውኃ ጠማኝ ብዬ ወጣሁ።

ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ። ሲስተሯ እውነት፣ ዳገቱ እውነት። ሦስት ቀን ያልኩት ግን የእኔ ጭማሪ ነው። አንዴ ተለክቼ ቀረሁ። ቁጥሩን ፈርቼ።

ሰኞ እሷ ወደ ፈተናዋ፣ እኔ ወደ ጤና ጣቢያ። ዳገቱን ቀስ ብዬ።