የአብዱ ማንቆርቆሪያ

ሽዋመንዲንገን፣ ዙሪክ
የካቲት 7 ቀን 2002 ዓ.ም.

እማ፣ የኔ እናት፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደሴ ብርዱ በረታ ሲሉ ሰማሁ። የላክሁልሽን ሹራብ እንደ አምናው ለሰው እንዳትሰጪ፣ አንቺው ልበሽው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅሽ አብዱረህማንም ይበላል፣ ይተኛል፣ ሳሉም ቀለል ብሎለታል። አሁን ይህን ስጽፍልሽ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሎ ትራም ያያል። ሰባት ቁጥር ሲያልፍ እጁን ያውለበልብለታል፣ ዘጠኝ ቁጥር ሲመጣ ግን ፊቱን ያዞራል። ምን እንዳደረገው እሱና ፈጣሪው ይወቁ።

የምጽፍልሽ በስልክ ያልነገርኩሽን ነው። ስንደዋወል እትዬ ሀጂራ አጠገብሽ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፣ ስታስል ይሰማኛል። ስለዚህ እማ፣ በቁርአን ይሁንብሽ፣ መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። እንደ ወትሮው ለሉበና አትስጫት። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ግን የሀጂራ ልጅ ናት፣ የከማል እህት ናት፤ የወንድሟን ነገር በገዛ አፏ ጮክ ብላ እንድታነበው አልፈልግም።

ባለፈው “ሀጂራ እግሬ ላይ ወደቀች፣ ልጄን አስምሪልኝ አለች፤ አንድ ጊዜ ቢገፋው ነው፣ አፉ በይውና ክሱ ይቅር” አልሽኝ። እኔም አስብበታለሁ አልኩሽ። አላሰብኩበትም እማ። ማሰብ ራሱ ከተወኝ ሰነበተ። ሥራ እሄዳለሁ፣ የሆቴል አንሶላ አጥፋለሁ፣ እመለሳለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ደስ ይለኛል፣ ማንም አያናግረኝም።

በይ ከሥሩ ልንገርሽ።

ከምርጫው ግርግር በኋላ አብረን ወጥተን ጄኔቭ ስንገባ አብዱን ማን እንደሚይዝልኝ ግራ ገብቶኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሥራ ያገኘሁት ዙሪክ ነው። እሱን ደግሞ የጄኔቭ መንግሥት ቨርሷ የምትባል መንደር ያለ ፎዬ አስገባው። ፎዬ የሚሉት ብቻቸውን መኖር የማይችሉ ሰዎች የሚያድሩበትና የሚበሉበት ቤት ነው። ሐይቁ ከመስኮቱ ይታያል፣ አልጋው ንጹሕ ነው። ከዚያ ከማል እዚያው ቤት የማታ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። የጎረቤታችን ልጅ፣ አጥር ዘሎ በለሳችንን የሚሰርቀው ከማል! አንቺ ሰደቃ አወጣሽ። ስልኩን ተቀብለሽም “ከማልዬ፣ አብዱን አደራ” አልሽው። “እንደ ወንድሜ እማ” አለሽ። ጄኔቭ ያለው ሐበሻ ሁሉ “ያገር ልጅ ካለበት ምን ትፈልጊያለሽ” አለኝ። እውነትም ምን እፈልግ ነበር?

የፎዬው ኃላፊ ከሁላችንም በላይ ደስ አላት። የአብዱን አማርኛ የሚሰማ ሰው አገኘች። ከዚያ ወዲህ አብዱ አለቀሰ ሲባል የሚጠየቀው ከማል፣ ምን አለ ሲባል የሚተረጉመው ከማል ሆነ። “አገሩ ናፍቆት ነው” ይላቸዋል፣ አለቀ። እኔም ስደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። “ቆንጆ ነው፣ በልቶ ተኝቷል” ይለኛል። አንቺ ደግሞ በደወልሽ ቁጥር ጥያቄሽ አንድ ነው፦ “አብዱዬ ለእንግዳ ውሃ ያስታጥባል?” እኔም “አዎ” እልሻለሁ።

ያንን ሥራውን እንዴት ይወደው ነበር! አባባ እንግዳ ሲያመጣ የመዳቡን ማንቆርቆሪያ ከእሱ በቀር ማን ይነካዋል? ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳህኑን በግራ ይዞ፣ ከሽማግሌው ጀምሮ በተራ። አንቺ ከጓዳ “ውሃውን ለብ አድርገው፣ እንግዳ አይደንግጥ” ትዪዋለሽ፣ እሱ በጣቱ ቀምሶ ያያል። ትምህርት ቤት ፊደል ያልገባው ልጅ አንድ ጠብታ ምንጣፍ ላይ አፍስሶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ “እደግ፣ ተመንደግ!” ሲሉት ጢም አውጥቶ እንኳ ይፍለቀለቅ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ በጠራራ ቀን ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ያስለዋል፣ ዓይኑ ፈዟል። ገና ስገባ ማዳም ኦዴት የሚሏት በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ አሮጊት ካፖርቴን ያዘችኝ። ፈረንሳይኛዬ እንደነገሩ ነው፣ እሷ ግን እንዲገባኝ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ማታ የጮኸ ሰው፣ አልጋው ላይ የሸና ሰው፣ ልብሱን አውልቆ መታጠቢያ ቤት ይንበረከካል፣ የማታው ሠራተኛ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ያፈስበታል። ዝም እስኪል። አብዱ ላይ ከሁሉም ይብሳል፣ ለምን ቢባል ሲከፋው እናቱን ይጣራል። ለኃላፊዋ ነግሬያለሁ አለችኝ። ኃላፊዋን ብጠይቃት “አርጅታለች፣ ትቀባዥራለች” አለችኝ።

ያኔውኑ ካፖርቴን አልብሼው ሆስፒታል ወሰድኩት። ሳንባው ተመቷል አሉኝ። ትከሻውና ክንዱ ላይ የጣት ሰንበር አለ። ሐኪሟ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ኦዴት ያለችኝን ነገርኳት። ለመንግሥት ያሳወቀችው ሐኪሟ ናት። ክሱ የኔ ነው የሚሉሽ ሰዎች ይህንን አያውቁም፣ ወይም እያወቁ ነው።

ለከማል ደወልኩለት። አልተሳደብኩም እማ፣ ስሙን ብቻ ጠርቼ ጠየቅሁት። “ሰዓዳ፣ ብቻዬን ነኝ” አለኝ። “አንዱ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ ይጮሃል። ጠዋት ኃላፊዋ ለምን አላስተኛሃቸውም ትለኛለች። ደግሞ ዱላ አይደለም፣ ውሃ እኮ ነው።” ውሃ እኮ ነው አለኝ። በሳምንቱ መርማሪዎች ሲጠይቁት ነክቼው አላውቅም አለ።

አሁን ነገሩ ማክሰኞ ላይ ቆሟል። ማክሰኞ ጄኔቭ መርማሪዎቹ ፊት ቀርቤ እናገራለሁ። የኦዴትን ቃል የፎዬው ሰዎች እርጅና ነው ብለውታል፣ አብዱ ቃል መስጠት አይችልም፣ ሰንበሩን ወድቆ ነው ብለውታል። ከማል ያመነው ለእኔ ብቻ ነው። “ተሳስቼ ነው” ካልኩ መዝገቡ ይዘጋል፣ አብዱም እዚያው አልጋ ላይ ይመለሳል። እኔ ጋ የተቀመጠው ምርመራው እስኪያልቅ ነው።

የላክሻቸው ሽማግሌዎች ትናንት በባቡር መጡ። ጋሽ መሐመድሁሴን ከቨርሷ፣ መስጊድ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ የሚሄደው፤ አቶ ደጀኔ ደግሞ ከኦ ቪቭ ሰፈር፣ ባለ ሱቁ። ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። ካፖርታቸውን ተቀበልኩ፣ ተቀመጡ።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል” ብለው ጀመሩ አቶ ደጀኔ። ግን ከሥሩ አልጀመሩም፣ ከፐርሚው ጀመሩ። “ልጁ የመኖሪያ ፐርሚውን ያጣል። ሚስቱ እርጉዝ ናት። እናቱ አገር ቤት ደረቷን እየደቃች ነው። ያገርሽን ልጅ ለፈረንጅ አሳልፈሽ ትሰጫለሽ?”

“አብዱስ የማን አገር ልጅ ነው?” አልኳቸው።

“እሱማ…” አሉና ብርቱካኑን አዩት።

ጋሽ መሐመድሁሴን ለስለስ አሉ። “ሰዓዳ ልጄ፣ ከማል ከዚያ ቤት ይወጣል። እግርሽ ላይ ይወድቃል። አንቺ ‘በቋንቋ አልተግባባንም’ በያቸው። ገመናችን በቤታችን ይለቅ።”

“አብዱ ተመልሶ እዚያ ይገባል እኮ ጋሼ።”

“ከማል ከሌለ ምን ያስፈራል?”

“ሰምታ ዝም ያለችው ኃላፊ አለች። በከማል ቦታ የሚገባውስ ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?”

“አላህ ያውቃል” አሉኝ።

ተነሳሁ፣ ምሳ ደርሶ ነበር።

ሁዳዴ ስለገባ ለአቶ ደጀኔ ብዬ ሁሉንም የጾም ሠርቼዋለሁ፣ አንድ ላይ እንዲበሉ። እኔና አብዱ የምንታጠበው ቧንቧ ነው። ሽማግሌ ቤቴ ሲገባ ግን እንደ አንቺ ላድርግ ብዬ አበባ የማጠጣበትን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ሞላሁ። ሳህን ያዝኩ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። ጋሽ መሐመድሁሴን እጅጌያቸውን ሰብስበው “ቢስሚላህ” አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

አብዱ ከመስኮቱ ተነሳ። ወላሂ እማ፣ ሊቀበለኝ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ማንቆርቆሪያውን ወደ እሱ ዘረጋሁለት።

ሸሚዙን አወለቀ። አጠፈው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። መጥቶ ከማንቆርቆሪያው ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሁለት ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። አላለቀሰም። ጠበቀ።

የጋሽ መሐመድሁሴን እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ውሃው ሲዘገይበት አብዱ አንድ ዓይኑን ገልጦ ቀና ብሎ አየኝ።

“ዝም ብያለሁ” አለኝ። “ዝም ብያለሁ እኮ።”

ማንቆርቆሪያውን መሬት አኖርኩ። የሆነ ነገር ማድረግ ነበረብኝ፣ ግን ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ መሐመድሁሴን ናቸው የተነሱት። ሸሚዙን አነሱ፣ ክንዱን ይዘው አስነሱት፣ አለበሱት። ቁልፉን አዛብተው ቆለፉት፣ እንደገና ፈትተው ቆለፉት። “አይዞህ አባ፣ አይዞህ” ይሉታል። አቶ ደጀኔ መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ቧንቧው ብዙ ፈሰሰ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። “ውሃው ጥሩ ነው እዚህ” አሉ። ምን ይበሉ ታዲያ?

ከዚያ በላን። ቧንቧ እየታጠብን በላን። አብዱ ምስር ድገሙኝ አለ፣ ጋሽ መሐመድሁሴን በእጃቸው አጎረሱት። የከማል ስም አልተነሳም። በር ላይ ሲደርሱ ይመርቁኛል ብዬ ቆምኩ፣ አልመረቁኝም። አቶ ደጀኔ ባርኔጣቸውን ረስተው ሄዱ፣ እስካሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ሳህኑን ሳጥብ ላልቅስ ብዬ ሞከርኩ። አልመጣም። እንዲያ ሲንበረከክ አይቼ የማላለቅስ ምን ዓይነት እህት ነኝ እያልኩ ራሴን ብሰድበውም አልመጣም። ደርቄያለሁ እማ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ መሐመድሁሴን ደወሉ። “ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው?” አሉኝ።

“ሦስት ሰዓት ላይ።”

“እኔም ያየሁትን እናገራለሁ። ለዚያ የሚሆን ፈረንሳይኛ አለኝ።” ዘጉት። አቶ ደጀኔ አልደወሉም።

እና እማ፣ አፉ አልለውም። ልከፋብሽ አይደለም፣ የመማጸንሽም ነገር ገብቶኛል፤ የእናት ለቅሶ ከባድ ነው። ግን በደሉ የኔ አይደለም፣ አፉታውም የኔ አይደለም። የአብዱ ነው። እሱ ደግሞ ከማልን ነገ ቢያየው እየሳቀ ያቅፈዋል፣ ቂም መያዝ አይችልበትም። ስለዚህ እኔ እይዝለታለሁ። ለእሱ ብቻም አይደለም፣ ማዳም ኦዴት ዛሬም እዚያ ነው የምታድረው። አደራ ሰጪዋ አንቺ ነሽ፣ ያንን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ እንጂ አንቺን አልወቅስም። አንቺም ራስሽን እንዳትወቅሺ። ማን ይጠረጥራል?

ስትጠይቂኝ “አዎ” እልሽ የነበረውንም ተዪው። አብዱ ውሃ አያስታጥብም። ማንቆርቆሪያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቻልኩት በላይ አርቄ ከትቼዋለሁ፣ አበባውን በብርጭቆ አጠጣዋለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ዱዓሽ አይለየን፣ ማክሰኞ ጠዋት በተለይ። አፈር ሳይነካሽ አብዱን ዳግም የምታቅፊበትን ቀን ያምጣልን።

እትዬ ሀጂራን አትጣያት። ስትመጣ በር አትዝጊባት፣ ልጇ ነው፣ ምን ታድርግ። ምሳ አቅርቢላት። የመዳቡን ማንቆርቆሪያ አውጪና ራስሽ አስታጥቢያት። እጇን ስትዘረጋልሽ ምንም አትበያት። ብቻ ብርዱ ከባድ ነውና ውሃውን ለብ አድርጊው።

ልጅሽ
ሰዓዳ