ነገሪ የሰበረው ሽቦ

ልጄ ሉሊት፣ «ለምርመራ ብቻ ነው» ብለሽ ዋሽተሽኝ የልቤ ደም ስር ውስጥ ሽቦ አስከተትሽብኝ። ይህን ካልኩ በኋላ፣ እዚያ ጀርመን እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ብየዳ ቤቴ ሳላርፍ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ባቱ ወርጄ አንድ ሙሉ አሣ ጨረስኩ!

አንቺ እዚያ ፋብሪካ የምትነድፊው የልብ ሽቦ አሠራሩ ገብቶኛል። ሽቦ ትንሽ ሲያጥፉት ይመለሳል፤ ከልኩ ካለፈ እንደታጠፈ ይቀራል። ሽቦው ውስጥ የምትገባው ትንሽ ፊኛ ተነፍታ ሽቦውን ከልኩ አሳልፋ ትዘረጋዋለች፤ ፊኛዋ ስትወጣ ሽቦው ደም ስሩን ደግፎ ይቀራል። አርባ ዓመት ፌሮ ያጠፍኩት በዚሁ ሕግ ነው። እንዴት ደስ አለኝ!

ይህንኑ ለጎረቤቴ ለባጃጅ ጠጋኙ ለነገሪ በሽቦ ሳሳየው፣ ተቀብሎኝ ያጥፍ ይዘረጋ ጀመር። በሰላሳ ሰባተኛው እጥፋት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ልብ በቀን ስንት ጊዜ ይመታል?»

«አንተ ባጃጅህን ጠግን!» አልኩት።

በደቂቃ ሰባ ሁለት ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቆጥሬዋለሁ። ነገሪ ነገር ካልገባው አያርፍም፤ ስለዚህ የእናንተ ሽቦ ስንት ምት እንደሚችል ቶሎ ጻፊለት። አነብለታለሁ።

እመቤቴ በሄድሽበት ትከተልሽ። ስለ ውሸትሽ የተናገርኩት ከላይ ያለው ነው፤ ዳግመኛ አላነሳውም።

አባትሽ፣ ከናዝሬት